9ኛ እና 10ኛ ክፍል ላይ ውጤቱ የወረደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ መግባት ይችላል ወይ? (አዳማ)

እህቱ ነኝ | ሰኞ ማታ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

ታናሽ ወንድሜ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ገብቷል፣ ናቹራል ነው። የምንኖረው አዳማ፣ መብራት ኃይል አካባቢ ነው። እስከ 8ኛ ክፍል ጎበዝ ከሚባሉት ልጆች አንዱ ነበር። 9ኛ ሲገባ ግን ውጤቱ ቁልቁል ወረደ። 9ኛን በ54 አማካይ አለፈ፣ 10ኛን በ52። ሒሳብና ፊዚክሱ ከ50 በታች ናቸው። በዚያው ሰሞን አባታችን ታመው ስለነበር ቤት ውስጥ ደብተሩን ገልጦ የሚያይለት ሰው አልነበረም።

አሁን ልጁ ራሱ ቆርጦ ተነስቷል። ማንም ሳይቀሰቅሰው ሌሊት ተነስቶ ያነባል። ችግሩ ተስፋው ቶሎ ይሟጠጣል። «ካርዴ እንደሆነ ተበላሽቷል፣ ከእንግዲህ ባነብ ምን ዋጋ አለው» ይለኛል። ጓደኞቹ ወደ ሶሻል ቀይር ይሉታል። አጎታችን ደግሞ 10ኛን ይድገም ባይ ነው። ወንድሜ የሚመኘው አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ መግባት ነው፤ ግቢውን በየቀኑ እያየ ነው ያደገው።

የ9ኛና የ10ኛ ውጤቱ በእርግጥ መንገድ ይዘጋበታል? የምታውቁ ንገሩኝ፣ እባካችሁ።

---

የሒሳብ መምህር | ሰኞ ማታ

እህቴ፣ መጀመሪያ ልብሽ ይረፍ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ምደባ የሚሠራው በ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ነው። የ9ኛና የ10ኛ አማካይ እዚያ ስሌት ውስጥ አይገባም። ለምዝገባ ሲሄድ ከ9 እስከ 12 ያለውን ትራንስክሪፕት ይዞ ይሄዳል፤ እሱ ግን ለማስረጃነት ነው እንጂ አይወዳደሩበትም። ድሮ 10ኛ ክፍል ላይ ብሔራዊ ፈተና በነበረ ጊዜ የልጅ ዕጣ እዚያ ይቆረጥ ነበር። የመጨረሻው የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። አጎትሽ የሚያስቡት ያንን ዘመን ይመስለኛል።

ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ናቹራል ላይ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂና አፕቲትዩድ (የማመዛዘን ችሎታ) አሉ። ስድስቱ ከ600 ይያዛሉ፣ የሚፈለገው 300 ነው። በእያንዳንዱ ትምህርት 50 ማምጣት ግዴታ አይደለም፣ የሚታየው ድምሩ ነው። ወረቀት አውጪና ከወንድምሽ ጋር ጻፉት። ፊዚክስ 35፣ ሒሳብ 45፣ ኬሚስትሪ 48፣ እንግሊዝኛ 55፣ አፕቲትዩድ 58፣ ባዮሎጂ 60። ደምሩት፣ 301 ይመጣል። ፊዚክሱ 35 ሆኖም አለፈ ማለት ነው። ብዙ ልጆች ይህን ሒሳብ ሠርቶ ያሳያቸው ሰው ስለሌለ አንድ ትምህርት ከከበዳቸው ሁሉንም ይተዉታል።

ቀላል ነው እያልኩሽ ግን አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኙ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4፣ በ2017 8.4 በመቶ። እያደገ ነው፣ ግን አሁንም ከ10 ተፈታኝ 9ኙ አያልፍም። ከእነዚህ ውስጥ ካርዳቸው 80 እና 85 የሚል ሞልተዋል። ስለዚህ በካርድ መኩራትም፣ በካርድ መሸማቀቅም ለዚህ ፈተና አይጠቅምም።

እኔን የሚያሰጋኝ ሌላ ነው። 9ኛና 10ኛ ላይ ሳይገባው ያለፈው ትምህርት አሁን 11ኛ ላይ ከፊቱ ይቆማል። የ11ኛ ፊዚክስ ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ቬክተር ነው። ትሪጎኖሜትሪ የሌለው ልጅ እዚያ ይቆማል። ያኔ ሰው ሁሉ «ፊዚክስ አይገባውም» ይላል፤ የጎደለው ግን የ9ኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እስከ 8ኛ የተማረው በአማርኛ ነው?

---

እህቱ ነኝ | ሰኞ ማታ

አዎ መምህር፣ በአማርኛ ነው። 9ኛ ላይ ነው ሁሉም እንግሊዝኛ የሆነበት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ 301ዱን አሁኑኑ ጽፌ አሳየሁት። ወረቀቱን ተቀብሎኝ ራሱ ሌላ ድምር እየሠራ ነው።

---

የሒሳብ መምህር | ሰኞ ማታ

ጠርጥሬ ነበር። እኛ ዘንድ ልጆች እስከ 8ኛ በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ይማራሉ። 9ኛ ሲገቡ ሒሳቡም፣ ሳይንሱም፣ ጂኦግራፊውም በአንድ ቀን እንግሊዝኛ ይሆናል። ጎበዝ የነበረ ልጅ 9ኛ ላይ ድንገት ሲወርድ ካየሁ መጀመሪያ የማየው ይህንን ነው።

ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪ አጠገቤ አስቀምጬ ከ9ኛ ክፍል ፊዚክስ አንድ ጥያቄ ሰጠኋት። ከአዲስ አበባ አዳማ 99 ኪሎ ሜትር ነው፣ መኪናው 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ፈጀበት፣ አማካይ ፍጥነቱ ስንት ነው የሚል። በእንግሊዝኛ ተጽፏል። ደጋግማ አነበበችው፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠች፣ «ፎርሙላው ጠፋኝ» አለች። ወረቀቱን ገልብጬ ያንኑ በአማርኛ ነገርኳት። ቀና ብላ ጣሪያ አየችና «66» አለች። በቃሏ! ፎርሙላም አልጠራችም። ልጅቷ ፊዚክሱን ታውቀዋለች፣ ጥያቄው ነው ያልደረሳት።

ወንድምሽን እንዲህ ፈትኚው። ያልሠራውን ጥያቄ በአማርኛ ንገሪው። ከሠራው ሥራው እንግሊዝኛ ነው፦ የየትምህርቱን ቃላት ከነትርጉማቸው በደብተር መያዝ፣ ጥያቄን ጮክ ብሎ አንብቦ በራሱ አባባል መመለስ። በአማርኛም ካልሠራው ትምህርቱ ራሱ አልገባውም፣ ወደ 9ኛ መጽሐፍ ይመለስ። ሁለቱ መድኃኒታቸው ለየብቻ ነው። አስጠኚ ከመቅጠራችሁ በፊት የትኛው እንደሆነ እወቁ፤ አለዚያ ገንዘባችሁም ጊዜውም ይባክናል።

---

የፍራንኮ ልጅ | ማክሰኞ ጠዋት

ጽሑፉን ሳየው ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ 9ኛ ክፍል እያለሁ ከእናቴ ጋር ገበያ ሽንኩርትና ቲማቲም እሸጥ ነበር። የገበያ ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም። ውጤቴም እንደዚያው ነበር። በ2014 ተፈተንኩ፣ 50 አልመጣልኝም፣ ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) ደረሰኝ። ዛሬ 3ኛ ዓመት ነኝ።

ስለ ሬሜዲያል ብዙ የተሳሳተ ወሬ አለ። 50 ያላመጡ ሁሉ የሚገቡበት አይደለም። ትምህርት ሚኒስቴር በየዓመቱ መቁረጫ ነጥብ ያወጣል፣ ለወንድና ለሴት፣ ለናቹራልና ለሶሻል ለየብቻ። ከመቁረጫው በላይ ያመጣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ የ12ኛ ክፍልን ትምህርት እንደገና ይማራል። እኔ በገባሁበት ጊዜ 30ው ዩኒቨርሲቲው ከሚሰጠን ምዘና፣ 70ው ደግሞ ከማዕከል ከሚመጣ ፈተና ነበር። ከመቶ 50 ካመጣህ በሚቀጥለው ዓመት ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ትሆናለህ። ካላመጣህ ወደ ቤትህ ትመለሳለህ። ከእኛ ዶርም የተመለሱ አሉ።

የምለው፣ ሬሜዲያል አለልኝ ብሎ ማንም እንዳይዘናጋ። መቁረጫው በየዓመቱ ይለዋወጣል። 300ን እያሰበ ያንብብ።

እኔን ያዳነኝ ሬሜዲያል ላይ ያገኘሁት የኬሚስትሪ አስተማሪ ነው። 10ኛ ክፍል ላይ ያለውን የሞል ስሌት ከዜሮ ጀመረልን። ዩኒቨርሲቲ ገብተን የ10ኛ ክፍል ትምህርት! አንዳንዱ ተናደደ። እኔ ግን በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞል ምን እንደሆነ ገባኝ። ከዚያ በኋላ ያለው የኬሚስትሪ ስሌት ሁሉ ተፈታልኝ። መምህር ያሉት እውነት ነው።

---

የጋራዥ ሰው | ማክሰኞ ጠዋት

ልጆች፣ ሁላችሁም ዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ትላላችሁ። ቴክኒክና ሙያ የሚባል አለ እኮ። ፈተና የወደቀ የሚጣልበት ጉድጓድ አድርጋችሁ አትዩት። እኔ በሙያዬ ቤት ሠርቻለሁ፣ ልጆች እያስተማርኩ ነው። ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ልጅ ጋራዤ ድረስ መጥቶ ይለምነኛል።

ደግሞ ጊዜው ተቀይሯል። በ2016 የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየጊዜው ይመጣልኛል። እሱን የሚያውቅ ባለሙያ ጠፍቷል። ፊዚክስ የሚወድ ልጅ ከሆነ ለምን አዳማ ያለ ፖሊ ቴክኒክ ገብቶ አውቶሞቲቭ ወይም ኤሌክትሪክ አይማርም? ደረጃውን ጨርሶ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ምዘና) ካለፈ ማንንም አይለምንም።

---

እህቱ ነኝ | ማክሰኞ ከሰዓት

ጋሼ፣ ልክ ነዎት፣ ሙያን ንቄ አይደለም። እሱም መኪና ሲፈታ ደስ ይለዋል። ግን ገና 11ኛ ነው፣ ሁለት ዓመት ከፊቱ አለ። ሳይሞክር «አልችልም» ብሎ ወደዚያ እንዲሄድ አልፈልግም። ወድዶ ከሄደ ሌላ ነው።

---

የጋራዥ ሰው | ማክሰኞ ከሰዓት

ይህን ያህልማ እኔም እስማማለሁ። ሸሽቶ የሚመጣ ልጅ ጋራዥም አይሆነውም። ለማንኛውም የ9ኛውን ትምህርት ያስተካክለው። የኤሌክትሪክ መኪና ማኑዋሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ ቮልቴጁም ስሌት ይፈልጋል። ለእኔ የሚሠሩት ልጆች የሚቸገሩት እዚያው ጋ ነው።

---

እናት ከአዳማ | ማክሰኞ ማታ

እኔ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ልጄ 12ኛ ላይ 50 አልመጣላትም። ስሙን የማልጠራው አንድ የግል ኮሌጅ «ችግር የለም፣ ዲግሪ ትማራለች» ብሎ መዘገባት። ከፈልን። ሁለተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ የመግቢያ መስፈርት ስላላሟላች ዲግሪው አይጸድቅም ተባለ። ገንዘቡም አልተመለሰ፣ ጊዜውም አልተመለሰ። ልጄ ለስንት ጊዜ ከቤት አልወጣችም።

የግል ቢሆንም መስፈርቱ ያው ነው። 50 ማምጣት ወይም ሬሜዲያል ማለፍ ያስፈልጋል። «እኛ ጋ ችግር የለም» የሚል ኮሌጅ ካጋጠማችሁ ሽሹ። ኮሌጁም፣ የሚሰጠው ትምህርትም ፈቃድ እንዳለው ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን አረጋግጡ። ኮሌጁ ፈቃድ ኖሮት ትምህርት ክፍሉ ላይኖረው ይችላል፣ ሁለቱንም ጠይቁ። ደረሰኝም ያዙ።

ይድገም የሚሉትን አጎት ግን እኔ አልቃወምም። የጎረቤቴ ልጅ 10ኛን ደግማ በጣም ተሻሽላለች። መድገም አይጠቅምም ብቻ አትበሉ፣ አንዳንድ ልጅ ጊዜ ይፈልጋል።

---

የሒሳብ መምህር | ማክሰኞ ማታ

እናት፣ በልጅዎ የደረሰው ያሳዝናል። ይህን መጻፍዎ ብዙ ወላጅ ያድናል።

በመድገሙ ላይ ግን ልከራከርዎት። ልጁ አማካዩ ከ50 በታች ቢሆን፣ ወይም ታምሞ ዓመቱን ሙሉ ቀርቶ ቢሆን፣ ይድገም ባልኩ። ይህ ልጅ አልፏል፣ አሁን ደግሞ ተነሳስቷል። ጓደኞቹ 11ኛ ሆነው እሱን 10ኛ ብንመልሰው ያ መነሳሳት ይሞታል። የ10ኛ ክፍል አስተማሪም የሚያስተምረው የ10ኛውን ነው፤ ጉድለቱ ያለው ደግሞ 9ኛ ላይ ነው። ዓመት ሙሉ ደግሞ ያው ጉድለት አብሮት ይመጣል።

ሶሻል የሚሉት ጓደኞቹም፣ እዚያ ሒሳብ የለም ብለው ከሆነ ተሳስተዋል። ሶሻልም ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና አፕቲትዩድ ይፈተናል። ከስድስቱ ሦስቱ የጋራ ናቸው። ታሪክና ኢኮኖሚክስ የሚወድ ልጅ ቢሆን ደስ ብሎኝ ሂድ እለዋለሁ። ሒሳብን ሸሽቶ ከሆነ ግን ሒሳቡ እዚያም ይጠብቀዋል።

---

ከግቢው | ረቡዕ ጠዋት

አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ነው የምማረው። ለታናሽሽ ይህን ንገሪው፦ እዚህ ለመግባት ብሔራዊ ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አይበቃም። ከአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ጋር በጋራ የሚሰጥ የራሱ የመግቢያ ፈተና አለ። የሚገቡት ከናቹራል ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሕልሙ ይህ ከሆነ ወደ ሶሻል መቀየር በሩን በራሱ እጅ መዝጋት ነው።

የ9ኛ ካርድህ ስንት ነበር ብሎ የጠየቀኝ የለም። ትራንስክሪፕት የሚታይበት ሌላ ቦታ አለ፣ ውጭ አገር ስኮላርሺፕ። እዚያ የአራቱንም ዓመት ውጤት ይጠይቃሉ። 11ኛና 12ኛ ላይ ከፍ ካለ ግን እድገቱ ራሱ ይናገርለታል።

መግቢያ ፈተናው ከባድ ነው፣ አልዋሽም። በቃል በማጥናት አይታለፍም። መሠረቱን ገብቶት የመጣ ልጅ ግን አይደነግጥም።

---

ጠያቂ | ረቡዕ ጠዋት

ይቅርታ ክሩን ላቋርጥ። ሬሜዲያል ያላለፈ ሰው ምን አማራጭ አለው? የእህቴ ልጅ ነው።

---

የፍራንኮ ልጅ | ረቡዕ ከሰዓት

ከእኛ ዶርም ከተመለሱት አንዱ በግል ተፈታኝነት ተመዝግቦ ብሔራዊ ፈተናውን እንደገና ወሰደ። ሌላው ቴክኒክና ሙያ ገባ። የግል ተፈታኝ ምዝገባ በኦንላይን ነው፣ ቀኑን የትምህርት ምዘናና ፈተናዎች አገልግሎት ያሳውቃል። ቀኑ ካለፈ አይጠብቁም፣ ቶሎ ቶሎ ይይ። በቴሌግራም «ውጤት እናስተካክላለን» የሚሉ አጭበርባሪዎች ይመጡበታል። ለእነሱ አንድ ብር እንዳይልክ።

---

እህቱ ነኝ | ረቡዕ ማታ

መምህር፣ ያሉኝን አደረግሁ። አምስት የ9ኛ ክፍል ጥያቄ መረጥኩ፣ ሦስቱን በእንግሊዝኛ አልሠራም። በአማርኛ ስነግረው ሁለቱን ሠራ። ሦስተኛው ክፍልፋይ ያለበት እኩልታ ነበር፣ እሱን በአማርኛም አልቻለም። ሁለቱም ችግር አለበት ማለት ነው አይደል? ከየት ይጀምር? የትምህርት ቤቱም የቤት ሥራ አለበት፣ ሌሊቱን ሙሉ እንዲቀመጥ አልፈልግም።

---

የሒሳብ መምህር | ረቡዕ ማታ

በጣም ጥሩ አድርገሻል። አሁን በሽታው ታውቋል።

ሌሊት አያስቀምጪው። የአዳማን ሙቀት ታውቂዋለሽ፣ ከሰዓት በኋላ ጭንቅላት አይሠራም። ማታ በጊዜ ይተኛና ንጋት ላይ ይነሳ። ንጋቱን ለ9ኛና ለ10ኛ ይስጠው፣ ማታውን ለ11ኛ የቤት ሥራ። ሁለቱን አያደባልቅ።

በሒሳብ ይጀምር። የ9ኛ መጽሐፍ ሁለተኛው ምዕራፍ የቁጥር ሥርዓት ነው፣ ክፍልፋዩ እዚያ ይጠራለታል። ሦስተኛውና አራተኛው እኩልታና ኢ-እኩልታ ናቸው። እነዚህን ሳይጨርስ ወደ ፊት አይሂድ፣ ፊዚክሱም ኬሚስትሪውም የሚቆሙት በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ አምስተኛው፣ ትሪጎኖሜትሪ። ስምንተኛው ቬክተር ነው፣ እሱን ከ10ኛ ፊዚክስ የቬክተር ምዕራፍ ጋር አንድ ላይ ይሥራው። የቀሩት ምዕራፎች ክረምት ይጠብቁት። ለኬሚስትሪ የ10ኛውን የመጀመሪያ ምዕራፍ፣ የፍራንኮ ልጅ ያለው ሞል እዚያ ነው ያለው። ባዮሎጂን ለጊዜው ከክፍሉ ጋር እኩል ይሂድ፣ ወደ ኋላ መመለስ አያስፈልገውም።

መጽሐፎቹ በፒዲኤፍ ከትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ በነፃ ይወርዳሉ። አጋዥ መጽሐፍ አሁን አትግዢ። መልሱ ከኋላ ያለበትን መጽሐፍ ልጆች አንብበው «ገባኝ» ይላሉ፤ ወረቀት ስትሰጫቸው ግን የለም። የተማሪው መጽሐፍ መልመጃ ይበቃዋል። የተሳሳተውን ብቻ የሚጽፍበት ደብተር ይኑረው፣ እሑድ እሑድ ያንን ደብተር እንደ አዲስ ይሥራው። የድሮ ብሔራዊ ፈተናዎች ለ12ኛ ይቆዩ።

እንግሊዝኛው ለብቻው ሰዓት አያስፈልገውም። በየጥያቄው ላይ ያገኘውን አዲስ ቃል ይጻፍ፣ ከዚያ ጥያቄውን ለአንቺ በአማርኛ ያስረዳሽ። አንቺ ሒሳቡን ባታውቂው ምንም አይደለም። ጥያቄው ምን እንደሚል ነግሮሽ ከገባሽ፣ ለእሱ ገብቶታል ማለት ነው።

---

የጋራዥ ሰው | ረቡዕ ማታ

ልጄም 11ኛ ናት፣ ናቹራል። ክፍልፋዩ እሷንም ያስቸግራታል፣ ባዮሎጂ ላይ ግን ሸጋ ናት። ፖስታ ቤት አካባቢ ነን። ቅዳሜ ጠዋት ቤታችን መጥቶ አብረው ቢያጠኑስ? እናቷም ቤት ትኖራለች፣ ሳሎኑን እንለቅላቸዋለን። አንቺም አብረሽ ነይና ቤቱን እዪ። ከተስማማሽ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።

---

እህቱ ነኝ | ረቡዕ ማታ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ጻፍኩልዎት። ቅዳሜ 3 ሰዓት ላይ ይዤው እመጣለሁ። የ9ኛውን መጽሐፍ እኛ አሳትመን እናመጣለን፣ ለእርስዎም ልጅ አንድ ቅጂ።